የክረምቱ ትንበያ ሲደመር



ዛሬ የምናገርባቸው ሁለት ነገሮች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ አያልፉም። አንደኛው፣ የዕድል መጠን ተብለው የተደረደሩ ቁጥሮች በእርግጥ የዕድል ስርጭት ሊባሉ ይችላሉ ወይ የሚለውን ማጣራት ነው። ሁለተኛው ተዛምዶ ነው፤ ሁለት ተለዋዋጭ ነገሮች ምን ያህል በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ አብረው እንደሚሄዱ በአንድ ቁጥር መግለጽ። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱ የተለያዩ ምዕራፎች ናቸው፤ አንዱን በዳይስና በሳንቲም፣ ሌላውን በተማሪዎች ቁመትና ክብደት ተምረነዋል። አዳራሹ ውስጥ የግብርና ባለሙያዎች፣ መምህራንና ጋዜጠኞች እንዳላችሁ ስለማውቅ፣ ዘውድና ጎፈሩን ለጊዜው ትቼ ሁለቱንም ከአንድ ቦታ አመጣቸዋለሁ፦ ከክረምት ዝናብ ትንበያ። የምሟገትለትም ነገር አንድ ነው። እነዚህ ሁለት ማጣሪያዎች ስህተትን ይይዛሉ እንጂ እውነትን አያረጋግጡም። ስህተት መያዙ ራሱ ግን ቀላል ሥራ አይደለም፤ እሱንም ስለተውነው ብዙ ነገር ያመልጠናል።

ወረቀትና እስክሪብቶ የያዛችሁ አውጡ። መደመር ይኖራል።

በየዓመቱ ክረምት ከመግባቱ በፊት የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች የወቅት ትንበያ ያወጣሉ። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አገሮች ባለሙያዎች በጋራ መድረክ እየተገናኙ ለቀጣናው ተመሳሳይ ትንበያ ያዘጋጃሉ። ትንበያው «ዘንድሮ ይዘንባል» ወይም «አይዘንብም» አይልም። ሦስት መደቦች አሉት፦ ከመደበኛ በታች፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በላይ። ሬዲዮ ላይ ስንሰማቸው «መደበኛ» ጥሩ ዝናብ፣ «ከመደበኛ በታች» ድርቅ ይመስለናል። አይደለም። የአንድ አካባቢ የ30 ዓመት የክረምት ዝናብ ይወሰዳል፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ያለው። ሠላሳው ዓመት ከደረቁ ወደ እርጥቡ በሰልፍ ይደረደራል። የመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት «ከመደበኛ በታች»፣ የመካከሎቹ 10 «መደበኛ»፣ የመጨረሻዎቹ 10 «ከመደበኛ በላይ» ይባላሉ። ነገሩ ይኸው ነው። ዝናብ አጠር በሆነ ቆላ «መደበኛ» የተባለው ዝናብ ማሽላውን ላያደርሰው ይችላል፤ ጠለቅ ባለ ደጋ ደግሞ «ከመደበኛ በታች» የተባለው ለገብሱ ሊበቃው ይችላል።

መደቦቹ እኩል ሆነው ስለተከፈሉ፣ ስለ ዘንድሮ ምንም የማያውቅ ሰው ለእያንዳንዱ አንድ ሦስተኛ ዕድል ቢሰጥ አይፈረድበትም። ባለሙያ የሚፈለገው ከዚህ የተሻለ እንዲናገር ነው። እንበልና ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች 20፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 45 በመቶ ተባለ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል እኔ ነኝ የፈጠርኳቸው። ይህ የዕድል ስርጭት ነው? የምታዩት ሁለት ነገር ብቻ ነው። ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር አለ? የለም። ድምሩ መቶ ይሞላል? 20 እና 35፣ 55፤ 45 ሲጨመርበት 100። አለቀ። እያንዳንዱ ቁጥር ከመቶ እንዳይበልጥ ለብቻው መጠበቅ አያስፈልግም፤ አሉታዊ ቁጥር ከሌለና ድምሩ መቶ ከሆነ አንዱ ብቻውን መቶን ሊያልፍ አይችልም።

ሰዎች ስለ ዕድል በሒሳብ መነጋገር የጀመሩት ቀድመው ነው። ፓስካልና ፌርማ የተቋረጠ ቁማር ገንዘብ እንዴት ይከፈል በሚል የተጻጻፉት እ.ኤ.አ. በ1654 ነበር። ጨዋታው በጥቂት ሕጎች ተጠርቶ እስኪቀመጥ ግን ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው። ያደረገው አንድሬ ኮልሞጎሮቭ የተባለ ሩሲያዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933፣ ገና በሠላሳዎቹ መግቢያ ላይ ሳለ፣ በጀርመንኛ ባሳተማት ቀጭን መጽሐፍ። ዕድል ከዜሮ አያንስም። ሊሆን የሚችለው ሁሉ ሲጠቃለል አንድ ይሆናል። አብረው ሊሆኑ የማይችሉ ነገሮች ዕድላቸው ይደመራል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ማንም ያስታውሳል። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፤ «አብረው ሊሆኑ የማይችሉ» የሚለውን ሳናይ መደመር ስለምንወድ።

አንድ ዜና እንዲህ ብሎ ቢያቀርብላችሁስ፦ ከመደበኛ በታች 20፣ መደበኛ 35፣ ከመደበኛ በላይ 45፣ ጎርፍ 15 በመቶ። ድምሩ 115። ጸሐፊው መደመር አቅቶት አይደለም። ጎርፍ አራተኛ መደብ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ «ከመደበኛ በላይ» በተባለው ዓመት ውስጥ የሚመጣ ነገር ነው፤ መደበኛ በሆነ ክረምትም አንድ ሌሊት የጣለ ዶፍ ጎርፍ ያመጣል። ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል ማለት ነው። ድምሩ ከመቶ ሲያልፍ በመጀመሪያ የምፈልገው የተደራረበ መደብ ነው፤ ድምሩ ከመቶ ሲጎድል ደግሞ የተረሳ መደብ። የመደመር ስህተት ከሁለቱም ኋላ ይመጣል።

የተገላቢጦሹም አለ። «በደሴ ነገ የመዝነብ ዕድል 70 በመቶ፣ በባሕር ዳር 80 በመቶ» ሲባል ደምሮ 150 አግኝቶ የሚሳለቅ ሰው አይቻለሁ። እነዚህ የአንድ ስርጭት ክፍሎች አይደሉም። ደሴ ሲዘንብ ባሕር ዳርም ሊዘንብ ይችላል፤ እያንዳንዱ የየራሱ «አይዘንብም» የሚል ጓደኛ አለው፣ 30 እና 20። መደመር የሚገባው ሲደመር ብቻ ነው ማጣሪያው የሚሠራው።

ስለ ክፍልፋይ ደግሞ ጨካኝ አትሁኑ። ሦስት አንድ ሦስተኞች ተጠጋግተው 33፣ 33፣ 33 ሆነው ቢጻፉ ድምራቸው 99 ነው። 101 የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ይህ የማጠጋጋት ትርፍ ነው፤ ይቅር ይባላል። 110 ግን በማጠጋጋት አይመጣም።

መምህራን ለፈተና የምትወዷት አንዲት ጥያቄ አለች፦ ከመደቦቹ የአንዱ ዕድል ይሰወርና «ፈልጉ» ይባላል። ተማሪው የቀሩትን ደምሮ ከአንድ ይቀንሳል። ጥሩ ልምምድ ነው፤ መስሪያ ቤት ውስጥ ሲገባ ግን መጥፎ ልማድ ይሆናል። የጎደለውን ሁልጊዜ በመቀነስ የምንሞላ ከሆነ ድምሩ ሁልጊዜ መቶ ነው፤ ማጣሪያው ስህተት የመያዝ አቅሙን በገዛ እጃችን ነሳነው። አንዳንዴ ራሱ ይጮኻል፤ የቀሩት 65 እና 45 ከሆኑ የተሰወረው አሉታዊ 10 ይመጣል። አብዛኛውን ጊዜ ግን አይጮኽም። ስለዚህ ሦስቱም ቁጥሮች ለየብቻ ይሠሩ፤ መደመሩ ኋላ ይምጣ።

እዚህ ላይ አንድ ለየት ያለ ጉዳይ በፍጥነት ልለፍ። ዝናብ በመደብ ሳይሆን በተከታታይ ቁጥር ሲገለጽ ከአንድ የሚበልጥ ቁጥር ብታዩ አትደንግጡ። የአንድ አካባቢ የክረምት ዝናብ ከ800 እስከ 1000 ሚሊ ሜትር ውስጥ በየትኛውም ነጥብ እኩል ሊወድቅ ይችላል ብንል፣ የዕድል ጥግግቱ በሚሊ ሜትር 0.005 ነው። ያንኑ ዝናብ በሜትር ብትለኩት፣ ከ0.8 እስከ 1.0 ማለት ነው፣ ጥግግቱ 5 ይሆናል። ዝናቡ አልተለወጠም። ጥግግት ዕድል አይደለም፤ አንድ መሆን ያለበት ከኩርባው በታች ያለው ስፋት ነው፤ 200 ጊዜ 0.005 አንድ፣ 0.2 ጊዜ 5 አንድ።

አሁን ወደሚከብደው እንምጣ። ማጣሪያውን ያለፈ ስርጭት ትክክል ነው? የራሳችንን የቀን መቁጠሪያ ውሰዱ። አንድ የማታውቁት ሰው በየትኛው ወር ተወለደ ተብላችሁ፣ ወራቱ 13 ስለሆኑ ለእያንዳንዱ አንድ አሥራ ሦስተኛ ብትሰጡ ድምሩ አንድ ነው፤ አሉታዊም የለበትም። ማጣሪያውን ያለምንም ችግር ያልፋል። ነገር ግን ጳጉሜን ከመስከረም ጋር እኩል ተደርጋ ተቆጥራለች። በአራት ዓመት ውስጥ 1461 ቀናት አሉ፤ የአሥራ ሁለቱ ወራት ድርሻ እያንዳንዳቸው 120፣ የጳጉሜን ደግሞ ሦስት ጊዜ 5 እና አንድ ጊዜ 6፣ ማለትም 21 ነው። ልደት በቀናቱ ላይ እኩል ቢበተን ጳጉሜን የሚደርሳት 21 ሲካፈል ለ1461፣ መቶኛ ሲሆን 1.4 ገደማ ነው እንጂ 7.7 አይደለም። ይህኛውም ስርጭት ድምሩ አንድ ነው። ሁለቱም ያልፋሉ፤ አንዱ ዓለምን ይመስላል፣ ሌላው አይመስልም። የመደመር ማጣሪያ በሁለቱ መካከል አይፈርድም።

ታዲያ ምን ይፈርዳል? መዝገብ ይፈርዳል። ትንበያው ለ«ከመደበኛ በታች» 20 በመቶ ሰጥቶ ዓመቱ ከመደበኛ በታች ቢሆን ባለሙያው ተሳስቷል ማለት አንችልም፤ 20 በመቶ ከአምስት አንዴ ይሆናል ማለት ነው፣ ያቺ አንዷ ዘንድሮ መጣች። አንድ ዓመት አይበቃም። ባለሙያው «20 በመቶ» ያለባቸውን ጊዜያትና አካባቢዎች ሁሉ ሰብስበን ከእነሱ ስንቱ ላይ ሆነ ብለን ነው የምንጠይቀው። ከአምስት አንድ አካባቢ ከሆነ ቃሉ ከምድሩ ጋር ይገጥማል።

ይህም ብቻውን አይበቃም። በየዓመቱ ለየአካባቢው 33፣ 33፣ 33 እያለ የሚኖር ትንበያ ሰጪ አስቡ። ሦስቱ መደቦች ሲሠሩ እኩል ስለተሠሩ፣ በረጅሙ ሲታይ ቃሉ ሁልጊዜ ከምድሩ ጋር ይገጥማል፤ ማጣሪያውንም ያልፋል፤ ለገበሬው ግን የሚሰጠው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ1950 ግሌን ብራየር የተባለ አሜሪካዊ የአየር ትንበያ ባለሙያ በዕድል መጠን ለሚገለጽ ትንበያ ነጥብ መስጫ ዘዴ አወጣ፤ በተነገረው ዕድልና በሆነው ነገር መካከል ያለውን ልዩነት ካሬ እያደረገ ይሰበስባል። ዘዴው ጥሩ የሚሆነው ደፍሮ ተናግሮ ለተሳሳተም፣ ፈርቶ መሐል ለሰፈረም ሁለቱም እንዲያስከፍል ሆኖ ስለተሠራ ነው። እኔ ከሁለቱ ለፈሪው የባሰ ነጥብ በሰጠሁት ነበር፤ ይሄ ግን የግል ቂሜ ነው።

ከ33 ተነስቶ 20፣ 35፣ 45 ለማለት የሚያስደፍረው እውቀት ከየት ይመጣል? ሁለተኛው ርዕሴ ይሄ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1899 በሕንድ ሞንሱን የሚባለው የወቅት ዝናብ ቀርቶ ከባድ ረሀብ ደረሰ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1904 ጊልበርት ዎከር የተባለ እንግሊዛዊ የሕንድን የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ተረከበ። ሰውየው የሒሳብ ሊቅ እንጂ የአየር ጠባይ ባለሙያ አልነበረም፤ ሞንሱኑን የሚያነሳሳውን አያውቅም፣ በጊዜው ማንም አያውቅም። ያደረገው ነገር አንድ ነው፦ ከዓለም ዙሪያ የአየር ግፊት፣ የሙቀትና የዝናብ መዝገብ አሰባስቦ፣ ሠራተኞቹን አስቀምጦ በእጅ ተዛምዶ ማስላት። መሣሪያው ያኔ አዲስ ነበር። ፍራንሲስ ጋልተን ሐሳቡን በ1888 ያቀረበው፣ ካርል ፒርሰን ዛሬ የምንጠቀምበትን ቀመር በ1896 ያጠናው ነው። ዎከር ካሰለፋቸው መዝገቦች አንዱ የናይል ሙላት ነበር። የናይል የክረምት ሙላት ደግሞ በአብዛኛው በአባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል የሚወርድ የኛ ደጋ ዝናብ ነው። ክረምታችን ግብፅ ውስጥ በውሃ ከፍታ ተለክቶ፣ ሕንድ ውስጥ ሠንጠረዥ ላይ ገብቶ ነበር ማለት ነው።

ቀመሩን በትንሽ ምሳሌ እንሥራው። አምስት ዓመታት። የፓስፊክ ውቅያኖስ የምድር ወገብ አካባቢ ሙቀት ከአማካዩ የራቀበት መጠን በዲግሪ፦ ሲቀነስ 1፣ ሲቀነስ 0.5፣ ዜሮ፣ 0.5፣ 1። በእነዚያው ዓመታት የአንድ ደጋ ቦታ የክረምት ዝናብ በሚሊ ሜትር፦ 900፣ 840፣ 860፣ 760፣ 740። እነዚህም የኔ ፈጠራ ናቸው፤ ለስሌት እንዲመቹ። የዝናቡ አማካይ 820 ነው። እያንዳንዱ ዓመት ከአማካዩ ምን ያህል ይርቃል? 80፣ 20፣ 40፣ ሲቀነስ 60፣ ሲቀነስ 80። አሁን የየዓመቱን ሁለት ርቀቶች አባዙ፦ ሲቀነስ 80፣ ሲቀነስ 10፣ ዜሮ፣ ሲቀነስ 30፣ ሲቀነስ 80። ድምሩ ሲቀነስ 200።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ የቀመሩ ነፍስ ይህች ማባዛት ናት። ባሕሩ ከአማካዩ በላይ ሲሆን ዝናቡም ከአማካዩ በላይ ከሆነ ብዜቱ አዎንታዊ ነው። ሁለቱም አብረው ዝቅ ካሉም አዎንታዊ ነው። አንዱ ሲወጣ ሌላው ከወረደ አሉታዊ ይሆናል። ግንኙነት ከሌለ አዎንታዊውና አሉታዊው እየተጣፋ ድምሩ ወደ ዜሮ ይሄዳል። የቀረው ሥራ መለኪያውን ማጥፋት ነው፤ ሲቀነስ 200 የሚለው ዲግሪና ሚሊ ሜትር ተቀላቅሎበታል፣ በኢንች ብንለካ ሌላ ቁጥር ይመጣ ነበር። ስለዚህ የባሕሩን ርቀቶች ካሬ እናደርግና እንደምራለን፣ 2.5፤ የዝናቡንም፣ 18,400። ሁለቱን አባዝተን ሥረ ካሬውን ስናወጣ 214.5 ገደማ። ሲቀነስ 200 ለዚህ ሲካፈል ሲቀነስ 0.93። ይህ ቁጥር ምንጊዜም ከሲቀነስ 1 እስከ 1 ውስጥ ነው። 1.2 የሚል የተዛምዶ ቁጥር ያያችሁበት ወረቀት ካለ፣ ድምሩ 115 እንደሆነው ትንበያ ቁጠሩት፤ ሌላውን ሳታነቡ መልሱት።

ሲቀነስ 0.93 በጣም ጠንካራ ነው፤ እኔ ስላስተካከልኩት ነው እንጂ በእውነተኛው መዝገብ የኤል ኒኞና የክረምታችን ተዛምዶ አሉታዊ ይሁን እንጂ ከዚህ ደከም ያለ ነው። በኤል ኒኞ ዓመት የፓስፊክ መሐል ሲሞቅ የዓለም የአየር ዝውውር ይዛባል፣ ለደጋችን የክረምት እርጥበት የሚያመጣው ሥርዓትም ይዳከማል። በ2007 ዓ.ም. ክረምት ያየነው ይህንን ነው፤ በቀጣዩ ዓመት የምግብ እርዳታ ፈላጊው ቁጥር 10.2 ሚሊዮን ተብሎ ተገለጸ።

ከሁሉ የከፋው የ1976 ዓ.ም. ክረምት ግን የኤል ኒኞ ዓመት አልነበረም። ትልቁ ኤል ኒኞ አንድ ዓመት ቀድሞ አብቅቶ ነበር። ያንን ድርቅ ወደ እልቂት የለወጠው ደግሞ ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ጦርነቱም የመንግሥቱም አሠራር አለበት። ተዛምዶ ከአንድ በታች ነው ማለት ትርጉሙ ይህ ነው፦ ከመስመሩ የራቁ ነጥቦች አሉ፣ ከእነሱም አንዱ በታሪካችን ከባዱ ዓመት ሊሆን ይችላል። የተዛምዶውን ቁጥር ካሬ ብታደርጉት ከአንዱ ውጣ ውረድ ምን ያህሉ በሌላው ቀጥተኛ መስመር እንደሚገለጽ ይነግራችኋል። ሲቀነስ 0.6 ትልቅ ይመስላል፤ ካሬው 0.36 ነው፤ ከዝናቡ ልዩነት ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ሌላ ምክንያት አለው።

የምልክቱም ነገር አለ። በ1990 ዓ.ም. መግቢያ፣ ያ ኃይለኛ ኤል ኒኞ የክረምቱን ዝናብ በብዙ አካባቢ ካጓደለ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ያልተለመደ ዝናብ ጥሎ ዋቢ ሸበሌ ሞልቶ ሰዎችን አፈናቀለ። ሶማሊዎች ደይር፣ ቦረናዎች ሀገያ የሚሉት ወቅት ነው። በዚያ ወቅትና በዚያ አካባቢ ከኤል ኒኞ ጋር ያለው ተዛምዶ አዎንታዊ ነው። እንግዲህ አንድ ተመራማሪ የአገሪቱን የዓመት ዝናብ ጠቅልሎ ቢያሰላ ምን ያገኛል? የክረምቱ አሉታዊና የደይሩ አዎንታዊ ተቀላቅለው ቁጥሩን ወደ ዜሮ ይስቡታል፤ «ኤል ኒኞ እኛን አይመለከተንም» ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ ንጹሕ፣ መደምደሚያው ስህተት። ለጋዜጠኞች የምለምነው ይህንን ነው፦ «ኤል ኒኞ ድርቅ ያመጣል» ብላችሁ ስትጽፉ የትኛው ወቅትና የት የሚለውን ጨምሩበት። ጎዴ ያለው አንባቢያችሁ በዚያ ዜና ተማምኖ ወንዝ ዳር ቢሰፍር ዕዳው የእናንተ ነው።

ዜሮ ተዛምዶ ማለት ግንኙነት የለም ማለትም አይደለም። የግብርና ባለሙያዎች ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ዋልካ መሬት ላይ ዝናብ ሲያንስ ስንዴው ይከስማል፣ ሲበዛ ውሃ ይቋጥርና ሥሩ ይታፈናል። ይህን በቁጥር ላስቀምጠው፦ ዝናብ 400፣ 500፣ 600፣ 700፣ 800 ሚሊ ሜትር፤ ምርት በሄክታር 8፣ 14፣ 16፣ 14፣ 8 ኩንታል። የምርቱ አማካይ 12። ርቀቶቹ ሲቀነስ 4፣ 2፣ 4፣ 2፣ ሲቀነስ 4። የዝናቡ ርቀቶች በመቶ ሚሊ ሜትር ሲቀነስ 2፣ ሲቀነስ 1፣ ዜሮ፣ 1፣ 2። ብዜቶቹ 8፣ ሲቀነስ 2፣ ዜሮ፣ 2፣ ሲቀነስ 8። ድምሩ ዜሮ። ተዛምዶው ፍጹም ዜሮ ነው፤ ምርቱን ግን ከላይ እስከ ታች የወሰነው ዝናቡ ነው። ቀመሩ የሚያውቀው ቀጥተኛ መስመርን ብቻ ነው፣ ይህ ደግሞ ጉብታ ነው። ፍራንክ አንስኮምብ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1973 አራት የመረጃ ስብስቦችን አሳተመ፤ የአራቱም ተዛምዶ 0.82 ገደማ፣ አማካዮቻቸውም አንድ ዓይነት፤ ሲሳሉ ግን አንዱ የተበተነ መስመር፣ አንዱ ኩርባ፣ አንዱ በአንድ ባፈነገጠ ነጥብ የተጣመመ ቀጥ ያለ መስመር፣ አንዱ አንድ ብቸኛ ነጥብ የፈጠረው ግንኙነት ነው። ቁጥሩን ከማስላታችሁ በፊት ነጥቦቹን በካሬ ወረቀት ላይ አስቀምጡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ወደ ዎከር ልመለስ፤ የሱ ሥራ የገጠመውን ፈተና ሳላነሳ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ተዛምዶዎችን የሚያሰላ ሰው ጠንካራ ቁጥር ማግኘቱ አይቀርም። ምንም ግንኙነት የሌላቸውን 100 ነገሮች ከክረምት ዝናብ ጋር ብታስተያዩ፣ በአጋጣሚ ከ20 አንዴ ብቻ የሚደርስበትን ወሰን የሚያልፉ 5 ያህል ታገኛላችሁ። እነዚያን አምስቱን ብቻ መርጦ ለጉባኤ ያቀረበ ሰው አልዋሸም፤ ዘጠና አምስቱን መሳቢያ ውስጥ ትቷል እንጂ። ዎከር ይህን ያውቅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1914 ብዙ ተዛምዶዎች ሲሰሉ ከመካከላቸው ትልቁ በአጋጣሚ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል የሚያሳይ ጽሑፍ አወጣ። እንዲህም ሆኖ ለትንበያ ከመረጣቸው ምልክቶች አንዳንዶቹ በኋላ ዓመታት ደከሙ። በፓስፊክ ምሥራቅና ምዕራብ መካከል የአየር ግፊት ሲንሸራሸር ያየው ግንኙነት ግን ቆመ። ለምን እንደሆነ የታወቀው ዎከር ከሞተ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው፤ ያዕቆብ ብየርክኔስ እ.ኤ.አ. በ1969 የባሕሩን ሙቀትና የአየሩን ግፊት በአንድ ዝውውር አያይዞ ሲያስረዳ። ቁጥሩ መንገድ አሳየ፣ ምክንያቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ወሰደ።

አሁን ሁለቱን ርዕሶች ላጋጥማቸው። ከላይ ያልኳቸውን 30 ዓመታት ውሰዱ፤ አሥር፣ አሥር፣ አሥር። እንበልና ከሠላሳው 9ኙ የኤል ኒኞ ዓመታት ናቸው። ከ9ኙ 5ቱ ከመደበኛ በታች፣ 3ቱ መደበኛ፣ 1ዱ ከመደበኛ በላይ ነበሩ። የቀሩት 21 ዓመታት 5፣ 7፣ 9 ሆነው ይደርሳቸዋል፤ ወደ ታች ደምራችሁ ብታዩ እያንዳንዱ መደብ 10 ይመጣል። የኤል ኒኞ ዓመት ሲመጣ ትንበያው 5 ለ9፣ 3 ለ9፣ 1 ለ9 ነው፤ በመቶኛ 56፣ 33፣ 11። ድምሩ 100። በሌሎቹ ዓመታት 24፣ 33፣ 43፤ ይህም 100። ተዛምዶ ባይኖር ሁለቱም ረድፎች ወደ 33፣ 33፣ 33 በተጠጉ ነበር። ግንኙነቱ አለ የምንለው ሁለቱ ስርጭቶች ስለተለያዩ ነው፤ ትንበያው ከመሐል የሚርቀውም በግንኙነቱ ጥንካሬ ልክ ነው። የዛሬዎቹ ባለሙያዎች በኮምፒውተር ሞዴልና የሕንድ ውቅያኖስን ጭምር በማየት ነው የሚሠሩት፤ አጥንቱ ግን ይሄ ነው።

ደካማ ጎኑም ከዚሁ ሠንጠረዥ ላይ ይታያል። ዘጠኝ ዓመት ትንሽ ነው። ከዘጠኙ አንዱ፣ በአንድ መለኪያ ጣቢያ በተሳሳተ ንባብ ምክንያት ከመደበኛ ወደ ከመደበኛ በታች ቢዛወር፣ 56 የነበረው ወደ 67 ይዘላል። አንድ ንባብ 11 ነጥብ ያንቀሳቅሳል። የዝናብ መለኪያው በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው የሚነበበው፤ ታዛቢው ታሞ የቀረበት፣ መንገዱ በጦርነት የተዘጋበት፣ መለኪያው አጠገብ ዛፍ ያደገበት ቀን ሁሉ እዚህች ክፍልፋይ ውስጥ ይገባል። በመዝገቡ ላይ ያልተነበበው ቀን «ዜሮ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ባልዘነበና ባልተለካ መካከል ያለው ልዩነት ጠፋ፤ ዓመቱም ከእውነቱ ይልቅ ደረቅ ሆኖ ይመዘገባል። ባዶ ቦታ ባዶ ይተው።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶችና ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። አንድ ደብተር፣ አራት ዓምድ። በየዓመቱ ለአካባቢያችሁ የተነገሩትን ሦስት የትንበያ ቁጥሮች ጻፉ፤ በመስከረም መጨረሻ ደግሞ በአራተኛው ዓምድ የወረደው ዝናብ ከየትኛው መደብ እንደወደቀ ጻፉ። ጎረቤት ወረዳዎች ደብተራቸውን ቢያገናኙ መዝገቡ ቶሎ ይጠራቀማል፤ አጎራባች ወረዳዎች አብረው ስለሚደርቁና አብረው ስለሚረጥቡ ግን አሥር ደብተር አሥር ነጻ ምስክር አይሆንም፤ እሱንም እያሰባችሁ ነው የምትቆጥሩት።

ቀሪው ሰዓት የእናንተ ነው፤ ከጥያቄዎቹ በፊት ግን 5 ለ9ኙን ያላገኘ ካለ እጁን ያውጣ፣ ሰሌዳው ላይ እሠራዋለሁ።